ውቃቢው የራቀው ሠዓሊ

ከጣና የተነሣው ዓባይ ካርቱም ሲደርስ በስተ ምሥራቅ ያለውን የአል-ማንሺያን ሰፈር ታክኮ ያልፍና ዝቅ ብሎ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። ከመገናኛው ማዶ ኦምዱርማን አለች። ሠዓሊው ኢብራሂም ኤል ሳላሂ በ1930 የተወለደው በዚያች ከተማ ነው (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ በቤታቸው የቁርዓን ትምህርት ቤት ነበራቸው፤ ልጁም ጽሕፈት የለመደው በእንጨት ሰሌዳ ላይ ነበር።

እኛ መምህራን ጎበዝ የነበረ ተማሪ ድንገት ሲደነዝዝብን «ውቃቢው ራቀው» ብለን እናልፈዋለን። ለመሆኑ ውቃቢ የሚርቀው ለምንድን ነው? የሚመለስስ በምን ነው?

ሳላሂ ከ1954 እስከ 1957 በለንደን የስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። ወደ ካርቱም ተመልሶ እያስተማረ ሥራዎቹን በግራንድ ሆቴል አሳየ። የአገሩ ሰው ግን በሥዕሎቹ ውስጥ የራሱ የሆነ ነገር ስላላገኘባቸው ፊቱን አዞረባቸው። ወጣቱም ብሩሹን አስቀመጠ።

ሆኖም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በሱዳን እየተዘዋወረ ሕዝቡ ቤቱንና ዕቃውን የሚያስጌጥበትን ጥበብ ተመለከተ። ከዚያም በሥዕሉ ጥግ ትንንሽ የዓረብኛ ጽሑፍ ቢጨምር ተመልካች ጠጋ አለ። ቀጥሎ ፊደሉን ራሱን ሰባበረው፤ ከስብርባሪውም የሰውና የእንስሳ መልክ ወጣ። ከአሕመድ ሺብሬንና ከካማላ ኢሻቅ ጋር ስሙ የሚነሣበት «የካርቱም ትምህርት ቤት» የተባለው የአሣሣል ፈለግ የበቀለው ከዚህ ዓይነቱ ፍለጋ ነው። የእኛው እስክንድር ቦጎሲያንም እንዲሁ ከብራናው ጠልሰም ቀድቷል።

ሁለተኛው ውድቀት ከውጭ መጣ። በ1975፣ በኒሜሪ ዘመን፣ በመንግሥት ግልበጣ ተጠርጥሮ ከስድስት ወር በላይ በኮበር ወኅኒ ታሰረ። በዚያ መጻፍም መሣልም ክልክል ነበር። እርሱ ግን በብጣሽ ወረቀት እየነደፈ አሸዋ ውስጥ ቀበረ። ብጣሽን ከብጣሽ አገጣጥሞ ሰፊ ሥዕል የመሥራት ሐሳብም ከዚያ ተወለደ፤ በ1984 እና በ1985 የሠራው «የማይቀረው» የተባለው ሥዕል ከዘጠኝ ክፍል የተገጣጠመ ነው።

የጥንት ግሪኮች የኪነ ጥበብ አማልክት የሚሏቸውን ዘጠኝ እህትማማቾች የወለደቻቸው ትዝታ ናት ይሉ ነበር። ሳላሂን የታደገውም የልጅነቱ ሰሌዳ ነው። እንግዲህ የተማሪያችን ብዕር ሲደርቅ ሰነፍ ብለን ከመፍረዳችን በፊት ከቤቱ ይዞት የመጣውን እንጠይቀው። ምናልባት ውቃቢው የራቀው፣ ያንን በራፍ ላይ ጥሎ እንዲገባ ያደረግነው እኛው ሆነን ይሆናል።