በልክ የሚሠራ የመስኮት ብላይንድ፤ የሚለካው ማን ነው? የሚጠየቀውስ?

በቋንቋችን «ልክ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይነግረናል፡፡ አንደኛው መጠን ነው፡፡ ልብስ ሰፊ ዘንድ ስንሄድ ልካችንን እንሰጣለን፡፡ ሁለተኛው ትክክል ማለት ነው፡፡ እውነት ለተናገረ ሰው «ልክ ነህ» እንለዋለን፡፡ በልክ በሚሠራ የመስኮት ብላይንድ ላይ ሁለቱ ትርጉሞች ይገናኛሉ፡፡ ልኩ ከሳተ ሥራው ልክ አይሆንም፤ ዕቃውም ለሌላ መስኮት አይሆንም፤ ገንዘቡም እንደ ዋዛ አይመለስም፡፡

ይህንን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ የሕግ ትምህርት ያለው ሰው ከጎረቤትና ከወዳጅ የማያጣው ጥያቄ ነው፡፡ ባለፉት ዓመታት «ብላይንድ አሠርቼ ልኩ ተበላሸ፤ ቀብዴን ማስመለስ እችላለሁ ወይ?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ቀርቦልኛል፡፡ ጠያቂዎቹ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶች፣ የባንክ ሠራተኞች ናቸው፡፡ ችግሩ ካለማወቅ ይልቅ ጉዳዩን እንደ ቀላል ነገር ከማየት የሚመጣ ነው፡፡ ስለዚህ በመጀመሪያ ልኩ እንዴት እንደሚወሰድ፣ ቀጥሎም ኃላፊነቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ በቅደም ተከተል እናያለን፡፡

ብላይንድ ከመጋረጃ በምን ይለያል?

የጨርቅ መጋረጃ ይቅር ባይ ነው፡፡ ቢረዝም ይታጠፋል፣ ቢያጥር ጫፉ ይለቀቃል፣ ቢሰፋ ሽንሽኑ ይበዛል፡፡ ብላይንድ ግን እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም፡፡ ጨርቁ በአሉሚኒየም ቱቦ ላይ የሚጠቀለለው ሮለር፣ አግድም ዝርግ ቅጠሎች ያሉት ቬኒሺያን፣ ቅጠሎቹ ወደ ታች የተንጠለጠሉት ቨርቲካል፣ በድርብ ጨርቅ የሚሠራው ዜብራ፣ ሁሉም በሚሊ ሜትር ተቆርጠው የሚገጠሙ ናቸው፡፡ ሰፍቶ የመጣ ሮለር ወደ ወርክሾፕ ተመልሶ ሊቆረጥ ይችል ይሆናል፡፡ የጠበበውን ግን የሚያሰፋ ባለሙያ የለም፡፡

ከሜትሩ በፊት ሁለት ውሳኔዎች

ማንም ሰው ሜትር ከመዘርጋቱ በፊት ሁለት ነገሮች መወሰን አለባቸው፡፡

የመጀመሪያው ብላይንዱ የሚገጠመው በመስኮቱ ቀዳዳ ውስጥ፣ በግድግዳው ውፍረት መካከል ነው ወይስ ከቀዳዳው ውጭ በግድግዳው ፊት ላይ? የሚለው ነው፡፡ ውስጥ የሚገጠመው ያምራል፣ ቦታም አይወስድም፤ ልኩ ግን ስህተትን አይታገስም፡፡ ውጭ የሚገጠመው ብርሃን በደንብ ይከለክላል፣ የግድግዳውንም መዛነፍ ይሸፍናል፡፡ በዚህ ጊዜ በየጎኑ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ተጨምሮ መለካት የተለመደ ነው፡፡ መስኮቱ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ፣ ወይም በውስጥ በኩል የብረት ፍርግርግ ካለው፣ ወይም እጀታው ወደ ክፍሉ ከወጣ፣ ውስጥ መግጠሙ ችግር ያመጣል፡፡

ሁለተኛው ውሳኔ ጊዜን የሚመለከት ነው፡፡ በከተማችን ብዙ ሰው ቤቱን የሚረከበው ማጠናቀቂያ ሥራው ሳያልቅ ነው፡፡ ልስኑ ሳይስተካከል፣ የመስኮቱ ደፍ ሴራሚክ ወይም እብነ በረድ ሳይለብስ የተወሰደ ልክ ልክ አይደለም፡፡ ሴራሚኩ ከነማጣበቂያው ቁመቱን፣ ልስኑ ደግሞ ወርዱን ይቀንሳል፡፡ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ቤት ለመግባት ተቻኩሎ ያስለካ ሰው ዳግመኛ ማስለካቱ አይቀርም፡፡

ሌላው የሚያሳስተው ነገር የጎረቤትን ልክ መውሰድ ነው፡፡ «የእኛም ባለ ሁለት መኝታ፣ የእነሱም ባለ ሁለት መኝታ፤ ዲዛይኑ አንድ ነው» ይባላል፡፡ በወረቀት ላይ እውነት ነው፡፡ ብሎኬቱን የደረደረውና ልስኑን የለሰነው ግን የሰው እጅ ስለሆነ፣ በአንድ ሕንፃ ላይ አንዱ ከሌላው በላይ ያሉ ሁለት መስኮቶች በአንድና በሁለት ሴንቲ ሜትር ሲለያዩ ማየት ብርቅ አይደለም፡፡

አለካኩ

ባለሙያ የሚጠቀመው የብረት ሜትር ነው፡፡ የልብስ ሰፊ ሜትር ይለጠጣል፡፡ በጥሩ ሜትሮች ላይ የትክክለኛነት ደረጃቸው በሮማውያን ቁጥር ታትሞ ይገኛል፡፡ በአውሮፓ ደንብ መሠረት ሁለተኛ ደረጃ ሜትር በ2 ሜትር ርዝመት ላይ የሚፈቀድለት ስህተት 0.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፡፡ በነገራችን ላይ የሜትሩ ጫፍ ላይ ያለችው መንጠቆ መንቀሳቀሷ የብልሽት ምልክት አይደለም፡፡ ከውጭ ስንስብም ሆነ ከውስጥ ስንገፋ የራሷን ውፍረት እንድታካክስ ተብሎ የተሠራ ነው፡፡

ወርድ በሦስት ቦታ ይለካል፤ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፡፡ ቁመትም እንዲሁ ከግራ፣ ከመሐልና ከቀኝ ይለካል፡፡ ውስጥ ለሚገጠም ብላይንድ ከሦስቱ የወርድ ልኮች ትንሹ ይወሰዳል፡፡ አማካይ ማውጣት ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ቱቦው በጠባቡ ቦታ ማለፍ አለበት፡፡ ሜትሩን ጥግ ላይ አጥፎ ቁጥሩን በግምት ማንበብም ሌላ ስህተት ነው፡፡ የሚሻለው ከሁለቱም ጎን ወደ መሐል ለክቶ አንድ ምልክት ላይ ማገናኘትና መደመር፣ ወይም በሌዘር መለካት ነው፡፡

ቀጥሎ የሚመጣው መስኮቱ መዛነፍ አለመዛነፉን ማወቅ ነው፡፡ ለዚህ ቱንቢና ውሃ ልክ አሉ፡፡ ሁለቱም ከሌሉ ሜትሩ ራሱ ይበቃል፤ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሁለቱን ሰያፎች መለካት ነው፡፡ ለምሳሌ 120 በ160 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ መስኮት ሰያፎቹ ሁለቱም 200 ሴንቲ ሜትር ይመጣሉ፡፡ አንዱ 201 ሌላው 199 ቢሆን መስኮቱ ዘሟል ማለት ነው፡፡ እንዲህ ያለውን መስኮት ከውጭ መሸፈን ይሻላል፡፡

ከዚያ ጥልቀቱ ይለካል፡፡ የብላይንዱ መያዣ የሚያርፍበት ቦታ መኖሩ፣ ቅጠሎቹ ሲዞሩ እጀታውን አለመምታታቸው ይታያል፡፡ መያዣው የሚታሰርበት አካልም መታወቅ አለበት፡፡ ከመስኮት በላይ ያለው አርኪትራቭ ኮንክሪት ስለሆነ ጠንካራ ድሪል ይጠይቃል፡፡ ባዶ ብሎኬት ላይ የገባ ፊሸር ደግሞ በቂ መያዣ ስለማያገኝ ከጊዜ በኋላ ይላላል፡፡

በመጨረሻም ልኩ በሚሊ ሜትር ይጻፋል፤ ወርድ በፊት፣ ቁመት በኋላ፡፡ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ 1200 በ1600 የነበረው መስኮት 1600 በ1200 ሆኖ ይሠራል፡፡

ጠቡ የሚነሳው ከቅናሹ ነው

ውስጥ የሚገጠም ብላይንድ ግድግዳውን ሳይነካ እንዲወጣና እንዲወርድ ከቀዳዳው ወርድ ላይ ጥቂት ይቀነሳል፡፡ በብዙ አምራቾች ዘንድ ቅናሹ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፡፡ ጥያቄው የሚቀንሰው ማን ነው? የሚለው ነው፡፡ ለካዩ ወይስ ወርክሾፑ?

ለሽምግልና በተጠራሁበት አንድ ጉዳይ የክርክሩ ምንጭ ይኸው ነበር፡፡ የአንድ ቢሮ 11 መስኮቶች ሮለር ብላይንድ ታዘዘላቸው፡፡ ሻጩ ለመለካት የራሱን ሠራተኛ ላከ፡፡ ሠራተኛው 1500 ሚሊ ሜትር ከሆነው ቀዳዳ ላይ ለጥንቃቄ ብሎ 20 ቀንሶ 1480 ጻፈ፡፡ ወርክሾፑ ቁጥሩን የቀዳዳው ወርድ ነው ብሎ ስለገመተ ሌላ 10 ቀነሰ፡፡ ሮለር ሲሆን ደግሞ ጨርቁ ከመያዣ እስከ መያዣ ካለው ወርድ በ35 ሚሊ ሜትር ግድም ይጠባል፡፡ ስለዚህ 1435 ሚሊ ሜትር ጨርቅ በ1500 ቀዳዳ ላይ ተሰቀለ፡፡ በየጎኑ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ክፍተት ቀረና የከሰዓቱ ፀሐይ በቀጥታ በኮምፒዩተሮቹ ላይ አረፈ፡፡

ሁለቱም ወገኖች በቅን ልቦና የተከራከሩ ነበሩ፡፡ ለካዩ በትክክል ለክቷል፣ ቆራጩም በትክክል ቆርጧል፡፡ የጎደለው በወረቀቱ ላይ «ያልተቀነሰ የቀዳዳ ልክ» ወይም «የተቀነሰ የብላይንድ ልክ» የሚል ቃል ነው፡፡ የዚህ ቃል አለመኖር 11 ብላይንድ አበላሸ፡፡ አንባቢ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ይሂድ ብባል ይህንን ቃል ይዞ እንዲሄድ እመርጣለሁ፡፡

የፀሐዩ አቅጣጫ

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ግድም ላይ ስለምትገኝ የእኩለ ቀን ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ፣ በአናታችን ላይ ታልፋለች፡፡ በእነዚህ መካከል ባሉት ወራት በሰሜን በኩል፣ በቀሪዎቹ ወራት ደግሞ በደቡብ በኩል ትውላለች፡፡ በእኩለ ቀን ከፍ ብላ ስለምትቆም አጭር የጣሪያ ክፈፍ እንኳ ይከልላታል፡፡ አስቸጋሪዎቹ የምሥራቅና የምዕራብ መስኮቶች ናቸው፤ ጠዋትና ማታ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በቀጥታ ትገባለች፡፡ ለእነዚህ መስኮቶች ወደ ጎን የሚዞሩት የቨርቲካል ቅጠሎች ወይም ከውጭ የሚሸፍን ሮለር ይመረጣል፡፡ ስለዚህ ጥሩ ለካይ መስኮቱ ወደየት እንደሚያይ ሳይጠይቅ አይሄድም፡፡

ገመዱና ሕፃናት

እስካሁን ያነሳነው ሁሉ በገንዘብ የሚካካስ ነው፡፡ ይህኛው ግን አይካካስም፡፡ ብላይንድ የሚሳብበት ገመድ ወይም የዶቃ ሰንሰለት ቀለበት ሠርቶ ሲንጠለጠል የሕፃን አንገት ሊይዝ ይችላል፡፡ በአውሮፓና በአሜሪካ ሕፃናት በዚህ ምክንያት ሞተዋል፡፡ ኢኤን 13120 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ በ2014 እ.ኤ.አ. የተጠናከረው ለዚህ ነው፡፡ በአሜሪካም ከ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ተዘጋጅተው በሱቅ የሚሸጡ ብላይንዶች የተንጠለጠለ ገመድ እንዳይኖራቸው ደረጃው ደንግጓል፤ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በልክ የሚሠሩትንም የሚመለከት ጥብቅ ደረጃ ሥራ ላይ ውሏል፡፡

በአውሮፓው ደረጃ መሠረት የቀለበቱ የታች ጫፍ ከወለሉ ቢያንስ 1.5 ሜትር መራቅ፣ ሰንሰለቱም በግድግዳ ላይ በተመታ መያዣ መወጠር አለበት፡፡ እንግዲህ ለካዩ የመስኮቱን ወርድና ቁመት ብቻ ይዞ ቢሄድ ሥራው ጎዶሎ ነው፡፡ ብላይንዱ ከወለሉ በምን ያህል ከፍታ እንደሚሰቀል መለካት፣ መሳቢያው በየትኛው ጎን እንደሚሆን መጠየቅ፣ የሕፃን አልጋ ወይም ሶፋ በመስኮቱ ሥር መኖሩን ማየት አለበት፡፡ አስመጪው መያዣውን በካርቶኑ ውስጥ ቢያመጣውም ገጣሚው ግድግዳው ላይ ካልመታው ዋጋ የለውም፡፡ ሕፃን ያለበት ቤት ያለ ገመድ የሚሠራውን ዓይነት ቢመርጥ ምክሬ ነው፡፡

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1719 ላይ፣ ሕግ በተለየ ሁኔታ ካላዘዘ በስተቀር ውል የተለየ ፎርም እንደማያስፈልገው ይደነግጋል፡፡ ብላይንድ በቃል ማዘዝም ውል ነው ማለት ነው፡፡ በአንቀጽ 1731 ደግሞ በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ባቋቋሙት ሰዎች ላይ ሕግ ነው፡፡ እንግዲህ «ሕጉ» በዋናነት የሚገኘው በእናንተ ትዕዛዝ ወረቀት ላይ ነው፡፡ ወረቀቱ ዝም ካለ ማስረጃ ፍለጋ ይጀመራል፡፡

ሁለተኛው ጉዳይ ቀብድ ነው፡፡ በአንቀጽ 1883 መሠረት ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማረጋገጫ ነው፡፡ በአንቀጽ 1885 መሠረት ደግሞ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ለቅቆ ውሉን መተው ይችላል፤ የተቀበለውም ውሉን ከተወ የተቀበለውን አጠፌታ አድርጎ ይመልሳል፡፡ ስለዚህ ከዋጋው ግማሹን ከፍሎ ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» ብሎ ማስጻፍና «ቅድመ ክፍያ» ብሎ ማስጻፍ አንድ አይደለም፡፡ ከመፈረማችሁ በፊት የትኛውን ማለታችሁ እንደሆነ ተነጋገሩ፡፡

የልኩ ኃላፊነትስ? በእኔ አስተያየት መርሁ ቀላል ነው፡፡ ሻጩ የራሱን ሰው ልኮ ካስለካ የልኩ ስህተት የሻጩ ነው፤ ደንበኛው በሜትር ዕውቀቱ አይጠየቅም፡፡ ደንበኛው ራሱ ለክቶ ቁጥሩን ከሰጠና ሻጩ በዚያው ቁጥር ከሠራ ስህተቱ የደንበኛው ነው፡፡ ባለሙያ ለመለካት የሚከፈለው ጥቂት ብር የልኩን ኃላፊነት ለባለሙያው የሚያሸጋግር ስለሆነ ውድ አይደለም፡፡

በትዕዛዝ ወረቀቱ ላይ የማይቀሩ ነገሮች

የእያንዳንዱ መስኮት መለያ ቁጥር፣ ወርድና ቁመት በሚሊ ሜትር፣ ልኩ የተቀነሰ ወይም ያልተቀነሰ መሆኑ፣ ውስጥ ወይም ውጭ የሚገጠም መሆኑ፣ የመሳቢያው ጎንና ከወለል ያለው ከፍታ፣ የለካው ሰው ስምና ፊርማ፣ የተለካበት ቀን፣ የተከፈለው ገንዘብ ቀብድ ወይም ቅድመ ክፍያ መሆኑ፣ የማስረከቢያ ቀን፣ ልኩ ቢሳሳት በማን ወጪ እንደገና እንደሚሠራ፡፡ ይህ ሁሉ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፡፡ ኮፒውን ከደረሰኙ ጋር አስቀምጡ፡፡

አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ ይባላል፡፡ ከዚያ በፊት ግን የለካኸውን ጻፍ፣ የጻፍከውንም አስፈርም፡፡