ደባርቅ

ደባርቅ በአማራ ክልል የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ስትሆን፣ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ ወደ ሽሬ በሚወርደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ትገኛለች። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት በውስጧ በመሆኑ ስሟ ከስፋቷ በላይ ይታወቃል፤ ሆኖም ስለ ደባርቅ የጻፈው መንገደኛ ሁሉ ማለት ይቻላል የጻፈው ስለ ተራራውና ስለ ገደሉ ነው።

የ«ሰሜን» ስም

የአካባቢው መጠሪያ የሆነው «ሰሜን»፣ በአንዳንድ መጻሕፍት «ስሜን» ተብሎም የሚጻፈው፣ ዛሬ የአቅጣጫ ስም ነው። በጥንታዊው ግእዝ ግን ቃሉ ደቡብን ያመለክት እንደነበር፣ ይህም ተራሮቹ ለአክሱም በስተደቡብ ስለሚገኙ እንደሆነ፣ የመንግሥቱ ማዕከል ወደ ደቡብ ሲሸሽ ደግሞ ያው ስፍራ በስተሰሜን ስለቀረ ትርጉሙ አብሮ እንደተገለበጠ የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት ገልጸዋል። ስሙ ጥንታዊ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስ ላይ ከነበረ የድንጋይ ዙፋን የገለበጠው የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ ጽሑፍ፣ ከአንድ ወንዝ ማዶ በረዶ እስከ ጉልበት በሚያሰጥም ተራራ የሚኖሩትን «ሰሜኖች» ማስገበሩን ይናገራል። ይህ ጽሑፍ የሚመሰክረው ግን ሰሜን የሕዝብ ስም እንደነበር እንጂ አቅጣጫው ወዴት እንደሚያመለክት አይደለም፤ ስለዚህ አቅጣጫው ከሕዝቡ ስም የወጣ ይሁን ወይስ በተቃራኒው፣ በዚህ ማስረጃ ብቻ መቁረጥ አይቻልም።

የአካባቢው ተራራ የራስ ደጀን ስምም ተመሳሳይ ጉዳይ ነው። «ራስ ዳሸን» የሚለው፣ በውጭ ካርታዎች የተለመደው አጠራር፣ የአማርኛው ስም የተዛባበት ሳይሆን አይቀርም። ስሙ «በንጉሥ ፊት ሆኖ የሚዋጋ የጦር አለቃ» ማለት ነው እየተባለ ለጎብኚ የሚነገረው ፍቺም እምብዛም አያሳምንም፤ በአማርኛ ደጀን ከኋላ ሆኖ የሚደግፍ ኃይል ነውና። ከፍታውን አንዳንዱ 4,533፣ አንዳንዱ 4,550፣ የቆዩት መጻሕፍት 4,620 ሜትር ይሉታል።

ታሪክ

ከምጽዋ ተነስቶ ወደ ጎንደር የተጓዘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 በደባርቅ አቅራቢያ ያለውን የሊማሊሞን ዳገት ወጥቷል። ከደባርቅ ወዲያ ባለው በጃን አሞራ፣ የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ባሠሯት በደረስጌ ማርያም፣ ውቤን እዚያው አካባቢ ድል የነሡት ካሣ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1855 ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነግሠዋል። ገደሉን እየተጠማዘዘ የሚወርደው የሊማሊሞ መኪና መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ በከተማዋ አቅራቢያ በውልክፊት በር መሽጎ የነበረው የጣሊያን ጦር፣ በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ለወራት ተከቦ ከቆየ በኋላ፣ መስከረም 28 ቀን 1941 (እ.ኤ.አ.) እጁን ሰጥቷል።

ጉብኝት

የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር ከመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። የዋልያ ቁጥር በመመናመኑ፣ በልቅ ግጦሽና በእርሻ መስፋፋት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ወጥቷል። ከዚህ ቀደም ብሎ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ተነስተው በደባርቅ ዳር ሰፍረዋል፤ ይህ በፓርኩ ታሪክ እንደ ስኬት የሚቆጠር ቢሆንም፣ ተራራ ላይ ገብስ ዘርቶ በግ አርብቶ ለኖረ ገበሬ ከተማ ዳር መስፈር ምን ማለት እንደሆነ ለብቻው ሊጠና የሚገባው ነው።

እንግዳው መጀመሪያ የሚደርሰው ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። እዚያ ይመዘገባል፣ ክፍያ ይፈጽማል፣ «ስካውት» የሚባል ጠመንጃ የያዘ ጠባቂም ይመደብለታል፤ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎና ጫኚ የሚገኘውም በዚሁ ነው። ጓዙ በጠፍር እየተጠፈረ በበቅሎ ጀርባ ላይ ሲጫን፣ ጋቢ የተከናነቡት ጫኚዎች ሚዛኑን በእጃቸው እየወዘወዙ ይፈትሻሉ፤ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ጭነት ዳገት ላይ በቅሎዋን ያቆስላልና።

ከከተማዋ የሚነሣው የፓርኩ መንገድ በቡይት ራስ በኩል ሳንቃ በር፣ ቀጥሎም ጨነቅ ይደርሳል፤ ግጭ ግን በእግርና በበቅሎ ነው። በመንገዱ ዳር ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ይታያል፤ በቂጡ ተቀምጦ ሣሩን በጣቶቹ እየነጨ ስለሚበላ፣ ከደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ከሩቅ ይለያል። ዋልያ በዓለም ላይ ከዚህ ተራራ በቀር በሌላ ስፍራ በዱር አይገኝም። ከፍ ሲል አስታው ይሳሳና ጅብራና ጓሳ ይተካሉ።

ክረምቱ ጭጋግ የሚበዛበትና ጭቃማ በመሆኑ ጉብኝት የሚመረጠው ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ነው፤ በበጋ ሌሊት ግን ውርጭ ይወርዳልና ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል።

ትምህርት

ከተማዋ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ መገኛ ናት።