ቅባት፣ ማለዘቢያና ማባበያ

በመስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የቅዱስ እስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ በአፍሪካ ጎዳና ወደ ደምበል የሚያመራ ሰው፣ «መድኀኒት ቤት» የሚል ጽሕፈት ባየ ጊዜ፣ ይህ ስም «ድኅነ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ፣ ከኪኒንና ከሽሮፕ አስቀድሞ የነፍስን መዳን ያመለክት የነበረ፣ ጌታንም መድኀኔ ዓለም ብለን የምንጠራበት ቃል መሆኑን ልብ ሳይለው ያልፍ ይሆናል። ከሥጋ ወደ ነፍስ የሚሸጋገር ቃል ግን የእኛ ብቻ አይደለም።

በ1649 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ፣ በሮም የሐበሾች ማረፊያ በነበረችው፣ እርስዋም በዚያው በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም በተሰየመችው ቤት፣ ከመካነ ሥላሴ የመጡትን አባ ጎርጎርዮስን አገኘ፤ ከእርሳቸው የተማረውንም ይዞ በ1661 እ.ኤ.አ. የግእዝን ቃላት በላቲን የሚፈታ መዝገበ ቃላት አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ሁለቱ አረጋውያን ልሳናት በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ቆሙ።

በላቲንም ከሥጋ ወደ ነፍስ የተሻገሩ ቃላት አሉ፤ በሮማውያን ዘንድ «ፎሜንቱም» ማለት በሙቅ ውሃ ተነክሮ በሚያመው ገላ ላይ የሚደረግ ጨርቅ ነበረ፤ ሥሩ «ማሞቅ፣ ማቀፍ» ማለት ስለ ሆነ ኋላ የኀዘንተኛ መጽናኛ ሁሉ በዚሁ ስም ተጠራ። «ሌኒሜን» ደግሞ «ሌኒስ»፣ ማለት ለስላሳ፣ ከሚል ቃል የተገኘ ማስታገሻ ነው፤ ባለቅኔው ሆራስ በገናውን የድካሙ ማቅለያ አድርጎ በዚህ ቃል አወድሶታል። እኛም ቈዳን በቅባት ማለዘብ ከሚለው ተነሥተን ንግግርን እናለዝባለን፣ አቋሙ ያልጠነከረውንም ለዘብተኛ እንላለን፤ በደስታ የረካ ሰውም አንጀቱ ቅቤ እንደ ጠጣ ይናገራል።

ይሁን እንጂ የሚያለሰልስ እጅ ሁሉ ለፈውስ አይዘረጋም። ከዚያው ከ«ሌኒስ» የተወለደው «ዴሌኒሜንቱም» ማባበያ ነው። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ታኪቱስ በ98 እ.ኤ.አ. ገደማ የአማቱን የአግሪኮላን ታሪክ ሲጽፍ፣ በሮም የተገዙት ብሪታንያውያን የለመዱትን መታጠቢያ ቤትና ያማረ ግብዣ በዚህ ቃል ጠራ፤ ይህን ባነበብሁ ቍጥር የእኛን አገር ወረራ እያሰብሁ ልቤ ይነካል። ከደምበል ብዙ የማይርቀው ካዛንቺስም ስሙን ያገኘ፣ ፋሽስት ኢጣልያ በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው፣ «ካዛ ኢንቺስ» ከተባሉት ቤቶች ነው፤ «ካዛ» የላቲን ልጅ በሆነው በጣልያንኛ ቤት ማለት ነውና። እርግጥ ነው፣ እነዚያ ቤቶች የተሠሩት ለእኛ ማባበያ እንዲሆኑ አልነበረም፤ ለገዢው ምቾት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ «ሥራይ» ነው። በግእዝ ሐኪም ዐቃቤ ሥራይ ይባላል፣ ያው ሥራይ ግን አስማትም መርዝም ነው። በላቲንም «ዌኔኑም» እንዲሁ ሁለት ፊት ስለ ነበረው፣ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የሕግ ሊቅ ጋይዮስ፣ ቃሉን የሚናገር ሰው ክፉውን ወይም ደጉን ማለቱ እንደ ሆነ ጨምሮ እንዲገልጽ አዝዟል። አማርኛ ይህን ለይቶ የሚነግረን በሚከተለው ግስ ነው፤ መድኀኒት «ወሰደ» ሲባል የታመመውን እናስባለን፣ መድኀኒት «አበሉት» ሲባል ግን ጠላት የነበረበትን።