ሐኪምና አሽከርካሪ በአንድ አንቀጽ

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው ስለ መግደል ይደነግጋል። ንኡስ አንቀጽ 2 የሌላውን ሰው ሕይወት፣ ጤና ወይም ደህንነት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲያጠፋ ቅጣቱን ከፍ ያደርጋል። ምሳሌ ሲሰጥ ደግሞ ሐኪምንና አሽከርካሪን ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። አዳማ ለምንሠራ ሐኪሞች ይህ ጉርብትና ብዙም አይገርመንም። ከጅቡቲ መስመር የሚመጣው ከባድ መኪና፣ ከሞጆ ወደ ሻሸመኔ የሚበረው ሚኒባስ፣ በየሰፈሩ የሚሽከረከረው ባጃጅ፣ ሲጋጭ መድረሻው ድንገተኛ ክፍል ነው። ቁስለኛው ይታከማል፣ ፖሊስ ይመጣል፣ የሕክምና ማስረጃ ይጠየቃል፣ ወረቀቱም ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ያን ወረቀት የሚቀበሉት ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃና ዳኛ ብዙዎቹ የእኛው ዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው። እነሱ ስድስት ኪሎ፣ እኛ ጥቁር አንበሳ ሆነን አምስትና ስድስት ዓመት ስንማር አንዳችን የሌላውን ደብተር አገላብጠን አናውቅም። በሥራ ዓለም ግን በየሳምንቱ በወረቀት እንገናኛለን። ስለዚህ በዚህ ዓመት መጽሔታችን የሕግ ጓደኞቻችን የሚማሩት ትምህርት ከየት እንደ መጣ፣ ለእኛም ምን እንደሚያገባን ልጽፍ ወደድኩ።

የሕግ ትምህርት በአገራችን ከዩኒቨርሲቲ በፊትም ነበር። ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘንድ በትርጓሜ ይጠና ነበር። በስምጥ ሸለቆው አካባቢ ደግሞ ኦሮሞው በገዳ ሥርዓት ሕጉን በጉባኤ፣ በኦዳ ጥላ ሥር ይደነግግ ነበር። በአርሲ ሰው ሲሞት ጉማ ይከፈላል፤ ሴት ስትበደል ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች። ይህን ሕግ የሚያውቁት ሽማግሌዎች መጽሐፍ አላነበቡም፤ እየሰሙ፣ እያዩ፣ እየተከራከሩ ነው የተማሩት።

አሁን በዩኒቨርሲቲ የሚጠናው ሕግ ግን በአብዛኛው የ1940ዎቹና የ1950ዎቹ ሥራ ነው። በ1946 ዓ.ም. የሕግ ማርቀቂያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ከውጭም ሊቃውንት ተጠሩ። የ1949ን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የስዊዘርላንዱ ዣን ግራቨን፣ የ1952ን የፍትሐ ብሔር ሕግ የፈረንሳዩ ሬኔ ዳቪድ አረቀቁ። በዚያው ዓመት የወጣውን የንግድ ሕግ ዣን ኤስካራ ጀምሮት ሲሞት አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሰው። በ1954 የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት፣ በ1958 የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከተሉ። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በአንቀጽ 3347 እሱ የሸፈናቸውን ጉዳዮች በሚመለከት የቆየውን ልማዳዊ ሕግ ሻረ። ጉማውም፣ የሽማግሌው ሸንጎም በወረቀት ላይ ከሕግ ውጭ ሆኑ፤ በተግባር ግን ገጠሩ ቀጠለበት።

ሕጉ ወጣ፤ የሚያነበው ሰው ግን ጥቂት ነበር። የሕግ ፋኩልቲው በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ዋና ሥራው ይህን ክፍተት መሙላት ሆነ። የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ። የሕክምና ፋኩልቲው በዓመት ልዩነት ተከተለ፤ ስለዚህ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች እኩያሞች ናቸው ማለት ይቻላል። እስቲ አስቡት፦ ፈረንሳይኛ የሚያስቡ ሊቃውንት ያረቀቁት፣ በአማርኛ የታወጀ ሕግ፣ በአሜሪካውያን መምህራን፣ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ የውጭ መምህራኑ ሄደው ቦታውን ኢትዮጵያውያን ያዙት። የማስተማሪያው ቋንቋ ግን እንግሊዝኛ እንደሆነ ቀረ።

ከ1983 በኋላ የሕግ ትምህርት ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ጅማ፣ መቀሌ፣ ባሕር ዳር፣ ሐሮማያ ተስፋፋ። አዳማ ደግሞ የኦሮሚያ ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ የሚሠለጥኑበት ተቋም መቀመጫ ሆነች። በ1990ዎቹ መጨረሻ አገር አቀፍ ሥርዓተ ትምህርት ወጣና ዲግሪው አምስት ዓመት፣ ይዘቱም በየዩኒቨርሲቲው ተመሳሳይ ሆነ። የመውጫ ፈተናም ቢሆን ሌላው ተማሪ በ2015 ዓ.ም. ሲጀምረው የሕግ ተማሪዎች ከ2003 ጀምሮ ሲፈተኑ ኖረዋል።

እንግዲህ በአምስቱ ዓመት ምን ይማራሉ? ሕገ መንግሥት፣ ስለ ሰዎች የሚደነግገው ሕግ፣ ቤተሰብ፣ ውርስ፣ ውል፣ ከውል ውጭ ኃላፊነት፣ ንብረት፣ ወንጀል፣ ሁለቱ ሥነ ሥርዓቶች፣ ማስረጃ፣ ንግድ፣ የአስተዳደር ሕግ፣ የሥራ ሕግ። በዚህ ላይ ምስለ ችሎት፣ የመመረቂያ ጽሑፍና በፍርድ ቤት ወይም በዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሚደረግ የተግባር ልምምድ አለ። ከእኛ ኢንተርንነት ጋር ሲተያይ ልምምዱ አጭር ነው፤ ሌሊት ተረኛ ሆኖ የሚያድርም የለም።

ዝርዝሩን ሲያዩት ከእኛ የራቀ ይመስላል። ገባ ብለው ሲያነቡት ግን የእኛው የሥራ ቦታ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ማዋለጃ ክፍል ይገባል። የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ ሲጠይቅ እንደተወለደ ይቆጠራል፤ ይህ የሚሆነው ግን በሕይወት ከተወለደና ለመኖር የሚችል ከሆነ ነው። በአንቀጽ 4 መሠረት 48 ሰዓት የኖረ ልጅ ለመኖር የሚችል ነው ተብሎ ይወሰዳል። ከዚያ በፊት ከሞተ እንዳልቻለ ይገመታል፤ ሞቱ ከተፈጥሮው ጉድለት ሳይሆን ከሌላ ምክንያት መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ግምቱ ይፈርሳል። በእኛ የወሊድ መዝገብ ላይ የተጻፈችው ሰዓት አንድ እናት ወይም አንድ አያት የሚወርሱትን ልትወስን ትችላለች ማለት ነው። እኛ ያችን ሰዓት ስንጽፍ ስለ ውርስ ማን ያስባል?

የአካል ጉዳትንም እንይ። የወንጀል ሕጉ ከባድ የአካል ጉዳትን በአንቀጽ 555፣ ቀላሉን በአንቀጽ 556 ለይቷል። የመጀመሪያው እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ ይችላል፤ የሁለተኛው መነሻ ከአንድ ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። ሐኪሙ ግን የሚጽፈው የቁስሉን ርዝመትና ጥልቀት፣ ስንት ስፌት እንደ ገባበት ነው። «ከባድ» ወይስ «ቀላል» የሚለው ቃል የሕግ ቃል እንጂ የሕክምና ቃል አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ዕድሜ ነው። የ1952ቱ ሕግ ለሴት ልጅ 15 ዓመትን የጋብቻ ዕድሜ አድርጎ ነበር፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ለሁለቱም ጾታ 18 አደረገው። በወንጀል ሕጉም በሕፃናት ላይ ለሚፈጸም የወሲብ ጥቃት 13 እና 18 ዓመት ወሳኝ መስመሮች ናቸው። የልደት ምስክር ወረቀት የሌላት ልጅ ስትመጣ ፖሊስ «ዕድሜዋ ተመርምሮ ይገለጽልን» ብሎ ይጽፍልናል። የእጅ አንጓ ራጅና ጥርስ የሚሰጡን ከዓመት እስከ ዓመት ያለ ግምት ነው። ሕጉ አንድ ቁጥር ይፈልጋል፤ አጥንቱ ደግሞ ቁጥሩን አይናገርም። «ከ16 እስከ 18» ብለን ጽፈን ስንልክ እውነቱን ነው የጻፍነው፤ ልጅቷ ግን በዚያች ሰረዝ ላይ ቆማ ትቀራለች። ይህን ግምት እንዴት ማንበብ እንዳለበት የሚያውቅ ዳኛና የማያውቅ ዳኛ የሚሰጡት ፍርድ አንድ አይሆንም።

ይህን ሊያስተምር የሚገባው የማስረጃ ሕግ ኮርስ ነው። ችግሩ ኢትዮጵያ ተጠቃሎ የወጣ የማስረጃ ሕግ የላትም። በ1950ዎቹ ረቂቅ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሳይታወጅ ቀረ። መምህሩ ከየሥነ ሥርዓት ሕጉ የተበታተኑ አንቀጾችን እየለቀመ ያስተምራል። የባለሙያ ምስክርነትም ከዚያው ከተለቀመው ነው የሚገኘው።

በዚህ ላይ ቋንቋ አለ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ ያለው የክልሉ ፍርድ ቤት በኦሮምኛ ይሠራል። የፌደራል ሕጎች የመጨረሻ ሥልጣን ያለው ቅጂ አማርኛው ነው። ዳኛው ደግሞ የተማረው በእንግሊዝኛ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20(7) የችሎቱን ቋንቋ ለማይረዳ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆም ያዛል። ለሐኪሙ ወረቀት ግን አስተርጓሚ ብሎ የሚመጣ የለም። ሰንበር፣ ጭረት፣ ስንጥቅ፣ የተወጋ ቦታ፣ ሁሉም «ቁስል» ሆኖ መዝገብ ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ለምስክርነት ተጠርቼ ቀርቤ ግማሹን ሰዓት ያዋልኩት የራሴን ወረቀት ቃላት አንድ በአንድ ለችሎቱ በመተርጎም ነበር። ዳኛው በትዕግሥት ሰሙኝ፤ ወረቀቱ ብቻውን ቢደርሳቸው ግን ያን ሁሉ ከየት ያገኙት ነበር?

ታሪኩ ደግሞ ዞሮ እየመጣ ነው። በ2013 ዓ.ም. ኦሮሚያ በአዋጅ ቁጥር 240 ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች ዕውቅና ሰጠች። በ1952 የተሻረው የሽማግሌ ሸንጎ በሕግ ተመልሷል። ሽማግሌዎቹ ዘንድ የቀረበ ጉዳይም ጉዳት ካለበት የሐኪም ወረቀት መፈለጉ አይቀርም። የሚሰሙት ግን ከእንግሊዝኛችን ሳይሆን ከሚገባቸው ቋንቋ ነው።

የሕግ ሥርዓተ ትምህርቱ በታሪኩ ተለዋውጧል፤ ከውጭ ሊቅ ወደ አገር መምህር፣ ከአንድ ፋኩልቲ ወደ ብዙ። አሁን አንድ ነገር ቢጨመርበት እላለሁ፤ የሕክምና ወረቀት ንባብ። በእኛም በኩል ስለ ችሎት የሚያስተምር ትንሽ ሰዓት ይጨመር። ከዚያ በፊት ግን ሥርዓተ ትምህርት እስኪሻሻል መጠበቅ የማያስፈልገው ሥራ አለ። በአዳማና በአካባቢው ያለን የሁለቱም ሙያ ተመራቂዎች ሁለት ቅዳሜ ብንቀመጥ የአካል ጉዳትና የዕድሜ ምርመራ ቅጽ በኦሮምኛና በአማርኛ፣ ቃላቱ ተፈትተው፣ ማርቀቅ እንችላለን። መምህራኖቻችን ቢያርሙልን ደግሞ ለሚመለከተው ክፍል እናቀርበዋለን። ሐኪሞቹን እኔ እጠራለሁ፤ ጠበቆቹን እናንተ ጥሩ።