ማሳና ገጽ፤ የአሰላ ታሪክ ለድረ ገጽ ሠሪ ተማሪ

አዲስ ሙያ ወደ አንድ አገር በገባ ቁጥር ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው «ሙያውን ማን ይማረዋል?» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «ከሙያው የሚገኘው ፍሬ የማን ይሆናል?» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ በየጉባኤው ይነሣል፤ ሁለተኛው ግን ፍሬው ደርሶ መከራከሪያ እስኪሆን ድረስ ብዙውን ጊዜ ይዘነጋል።

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለውን የሥልጠና መርሐ ግብር አስጀመረ። ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ የድረ ገጽ ፕሮግራም አጻጻፍ መነሻ ነው። በዚህም ሆነ በሌላ መንገድ ኮድ መጻፍ የሚማር ወጣት ዛሬ በየከተማው ይገኛል፤ የመጀመሪያ ሥራውም አብዛኛውን ጊዜ ስሙን፣ ትምህርቱንና የአገሩን መልክ የሚያሳይ አንድ የግል ገጽ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ተማሪ በአሰላ ከተማ አስቀምጦ ይመለከተዋል። አሰላን የመረጥንበት ምክንያት፣ ከላይ የተጠቀሰው ሁለተኛው ጥያቄ በአገራችን ጎልቶ ከተነሣባቸው ሥፍራዎች አንዷ በመሆኗ ነው።

የጭላሎ ትምህርት

አሰላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የምትገኝ፣ ስንዴና ገብስ አብቃይ በሆነ ደጋ የተከበበች ከተማ ናት። በ1960 ዓ.ም. መባቻ፣ ያን ጊዜ የአሩሲ ጠቅላይ ግዛት ይባል በነበረው ክፍል፣ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ሥራውን ጀመረ። ሕዝቡ ድርጅቱን የሚያውቀው «ካዱ» በሚለው አጭር ስሙ ነው። ካዱ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ያቀርብ፣ የወተት ላሞችን ዝርያ ያሻሽል፣ የእርሻ መሣሪያ እየሠራ ይፈትን ነበር። ትምህርቱን የሚያሰራጨውም በንግግር ብቻ ሳይሆን በአርአያ ገበሬዎች አማካይነት ነበር። ገበሬው ከጎረቤቱ ማሳ ዳር ቆሞ፣ በአዲሱ ዘዴ የበቀለውን ስንዴ ከራሱ ጋር አስተያይቶ እንዲፈርድ ይደረግ ነበር።

ዘዴው ሠራ፤ የስንዴው ምርት ጨመረ። ሆኖም ከጭላሎ ገበሬዎች ብዙዎቹ የሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኞች ነበሩ። ምርቱ ከፍ ሲል መሬቱ ተፈላጊ ሆነ፤ መሬቱ ተፈላጊ ሲሆን ባለመሬቱ ኪራዩን ከፍ አደረገ፤ ከዚያም አልፎ ጭሰኛውን አስነሥቶ በትራክተር ማረስ እንደሚያዋጣው ተረዳ። ካዱ ብድሩን ለአነስተኛ ገበሬ ወስኖ የነበረ ቢሆንም፣ አርሶ ያሳየውን ነገር ሌላው አይቶ እንዳይሠራበት ሊከለክል አይችልም ነበር። በዚህ ሁኔታ ብዙ የጭሰኛ ቤተሰቦች ከሚያርሱት መሬት ተነቀሉ። የካዱ የራሱ ባለሙያዎችም ጉዳዩን አጥንተው በጽሑፍ አወጡ። የባለመሬቱንና የጭሰኛውን ግንኙነት የሚያሻሽል ሕግ ቢረቀቅም በፓርላማ ሳይጸድቅ ቀረ። በመጨረሻም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዓት ሻረ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ዘዴው መጥፎ ነበር የሚል አይደለም። ዘሩ ጥሩ ነበር፤ አስተማሪዎቹም በቅን ልቡና ደክመዋል። የጎደለው፣ ከዘዴው ጋር አብሮ መምጣት የነበረበት የባለቤትነት መብት ነው። ሙያ ያለ ማሳ ሲሰጥ፣ ባለሙያውን ከማሳው የሚነቅል ኃይል ሊሆን እንደሚችል ጭላሎ በገሃድ አሳይታለች።

በነጻ የተለቀቀው ዘዴ

አሁን ወደ ተማሪው እንመለስ። እርሱ የሚማረው ሙያ የተወለደው በስዊዘርላንድ፣ ሰርን በተባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ተቋም ነው። እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረበው ሐሳብ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሥራ ላይ ውሎ ለሕዝብ ክፍት ሆነ። ለታሪካችን ከሁሉ የበለጠ ክብደት ያለው ቀን ግን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1993 ነው። በዚያ ቀን ሰርን ይህን ዘዴ ማንም ሰው ያለ ክፍያና ያለ ፈቃድ እንዲጠቀምበት ለዓለም ለቀቀ። ያ ባይሆን ኖሮ እያንዳንዱ ገጽ የሚሠራ ሰው ለአንድ ባለርስት ግብር ከፋይ ሆኖ ይቀር ነበር።

የሙያው መነሻም ቀላል ነው። ተማሪው የሚያስፈልገው አንድ ተራ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራምና አንድ ብራውዘር ብቻ ነው። ኤችቲኤምኤል በሚባለው የአጻጻፍ ሥርዓት ርዕሱን በርዕስ ምልክት፣ አንቀጹን በአንቀጽ ምልክት፣ ሥዕሉን በሥዕል ምልክት ከልሎ ፋይሉን ያስቀምጣል፤ ከዚያም በብራውዘር ይከፍተዋል። ለዚህ ሁሉ የኢንተርኔት መስመር አያስፈልገውም። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስል፤ በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት በተቋረጠበት ጊዜ እንኳ፣ ፋይሉ በራሱ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ተማሪ ሥራውን ሊቀጥል ይችል ነበር።

ከዚህም ሌላ ማንኛውም ገጽ የተጻፈበትን ኮድ ብራውዘሩ ገልጦ ያሳያል። የዛሬዎቹ ታላላቅ ድርጅቶች ገጾች በጣም የተወሳሰቡ በመሆናቸው ጀማሪ አንብቦ ላይረዳቸው ይችላል፤ ቀላል ሆኖ የተጻፈ ገጽ ግን ልክ እንደ አርአያ ገበሬው ማሳ ነው። ተማሪው ዳር ቆሞ አይቶ፣ ወደ ራሱ ሥራ ተመልሶ ይሞክረዋል።

ፊደሉ ቁጥር እስኪያገኝ

ተማሪው በገጹ ራስ ላይ «ሰላም» ብሎ ይጽፋል እንበል። ይህችን ሦስት ፊደል ያላት ቃል በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም ኮምፒዩተር አንብቦ እንዲያሳያት ለማድረግ የፈጀው ድካም በአግባቡ የሚታወቅ አይደለም።

የላቲን ፊደል የለመደ መሣሪያ የእኛን ፊደል ለመሸከም መቸገሩ በኮምፒዩተር የተጀመረ አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለማበጀት በደከሙበት ዘመን የነበረው ችግር ያው ነበር፤ የቁልፉ ቁጥር ጥቂት፣ የፊደሉ ቁጥር ብዙ። ከዚህም የተነሣ ፊደሉ ለመኪናው ይቀነስ ወይስ መኪናው ለፊደሉ ይስፋ የሚል ክርክር በሊቃውንት መካከል ለረጅም ጊዜ ቆይቷል።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ችግሩ መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። በጥንቱ የላቲን ሥርዓት 128 ቦታዎች ብቻ ነበሩ፤ በኋላ 256 ሆኑ። ሠላሳ ሦስቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኀዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ፣ ላቲኑም የራሱን ቦታ ይዞ ሲቀር፣ ጠባብነቱ ግልጽ ነው። በመሆኑም እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአገር ውስጥና በውጭ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች የየራሳቸውን ብልሃት ፈለጉ። ፍስሐ አጥላው በአሜሪካ፣ በኋላም እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉት ፕሮግራሞች ሠሪዎች፣ አማርኛን በኮምፒዩተር ለመጻፍ አስችለዋል። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ደግሞ ፊደላችንን በላቲን ፊደል ወክሎ በመስመር ለመላክ የሚያስችል ወጥ ሥርዓት አወጡ።

ብልሃቱ ሁሉ የሚደነቅ ነበር፤ ነገር ግን አንዱ ለ«ሰ» የሰጠውን ቁጥር ሌላው ለሌላ ፊደል ይሰጠው ነበር። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር። በዚያ ዘመን በአማርኛ ገጽ ያወጡ ሰዎች ወይ አንባቢው አስቀድሞ ፎንት እንዲጭን ይጠይቁ ነበር፤ ወይም ጽሑፉን በሥዕል መልክ ያቀርቡት ነበር። በሥዕል የቀረበ ጽሑፍ ይታያል እንጂ አይፈለግም፣ አይቀዳም፣ አይታረምም።

ከዚህ ችግር ያወጣው የአንድ ሰው ረቂቅነት ሳይሆን ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቦታዎችን ሰጠ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በዓለም ሁሉ 4608 ነው፤ «ሰላም» ም 4656፣ 4619 እና 4637 ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የዋለው ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለ የግዕዝ ፎንት ይዞ ሲመጣ፣ ተጠቃሚው ምንም ሳይጭን የአማርኛ ገጽ ማንበብ ቻለ። ፎንቱ ስሙን የሚጋራው የደጋ አጋዘን በአርሲና በባሌ ተራሮች የሚኖር እንስሳ መሆኑን የአሰላ ተማሪ ቢያውቅ ደስ ይለዋል።

አሰላ ላይ ይህ ጉዳይ ሌላም ገጽታ አለው። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ የትምህርትና የጽሕፈት ቤት ቋንቋ ስለሆነ፣ ከኮምፒዩተሩ ጋር የፊደል ቁጥር ችግር አልገጠመውም። እንግዲህ የአሰላ ተማሪ አንዱን ገጹን በቁቤ፣ ሌላውን በፊደል ሊጽፍ ይችላል። ሁለቱም ዛሬ በአንድ ፋይል ውስጥ ጎን ለጎን ሳይጋጩ ይቀመጣሉ። ይህ በስጦታ የመጣ ሳይሆን በሥራ የተገኘ ነው።

መንገዱና ማሳው

ገጹ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ለሰው የሚደርስበት መንገድ ያስፈልገዋል። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ አገልግሎት የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ነው። አገራችን በዓለም መረብ የምትታወቅበት «ነጥብ ኢቲ» የተባለው መለያ የተመዘገበው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ነበር። መንገዱ ከዚያ ወዲህ ሰፍቷል፤ ዛሬ ኢንተርኔት በእጅ ስልክ ይገኛል።

ይሁን እንጂ መንገድ ማሳ አይደለም። የዛሬ ወጣት ጽሑፉንና ሥዕሉን የሚያኖረው አብዛኛውን ጊዜ በማኅበራዊ መገናኛ ድርጅቶች ገጽ ላይ ነው። ይህ ክፍያ የማይጠይቅና ምቹ ቢሆንም፣ ኗሪው ጭሰኛ ነው፤ ደንቡን የሚያወጣው፣ የሚያስነሣውም ባለመሬቱ ነው። የዚህን ምሳሌ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጂኦሲቲስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ለማንም ሰው የግል ገጽ የሚሠራበት ቦታ በነጻ ይሰጥ ነበር። ሠፈር ሠፈር ከፋፍሎ፣ ተጠቃሚዎቹን እንደ መሬት አቅኚ ሠፋሪዎች ይጠራቸው ነበር። በ1999 ያሁ ገዛው፤ በጥቅምት 2009 ዘጋው። ሥራቸውን ገልብጠው ያላወጡ ሠፋሪዎች ገጻቸው ጠፋ። ቤት ሠርተው ነበር፤ መሬቱ ግን የእነርሱ አልነበረም።

እርግጥ የገጽ መጥፋት ከመሬት መነቀል ጋር በመከራ የሚመዛዘን አይደለም። ጭሰኛው ያጣው የልጆቹን እንጀራ ነው። የሁለቱ አካሄድ ግን አንድ ነው፤ ድካሙ የአንዱ፣ የሚደክምበት ቦታ የሌላው ሲሆን፣ ሥራው ባማረ ቁጥር የባለቤቱ ኃይል ይጨምራል።

የባለሙያው ድርሻ

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ለማኅበራችን አባላት፣ በተለይም በትምህርት ቤትና በሥልጠና ማዕከል ለሚያስተምሩት፣ ሦስት ነገሮችን ማሳሰብ ይገባል።

አንደኛ፣ ተማሪው ከፋይልና ከማኅደር ይጀምር። የተዘጋጀ መሣሪያ በመንካት ብቻ ገጽ ማውጣት የለመደ ተማሪ፣ መሣሪያው የተነሣ ዕለት ባዶ እጁን ይቀራል። ሥራውን በራሱ ኮምፒዩተርና በፍላሽ ማስቀመጥ ይልመድ፤ ቅጂው በእጁ ያለ ሰው ከአንድ ሰርቨር ቢነሣ በሌላው ይተክላል።

ሁለተኛ፣ በስምምነቱ ሥርዓት ይጻፍ። ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 እንዲቀመጥ፣ ቋንቋውም አማርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ መሆኑ በኮዱ ራስ ላይ እንዲገለጽ ማስተማር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። የዚህ አንድ ሰዓት ዋጋ ግን የብዙ ሰዎች የብዙ ዓመታት ድካም ነው።

ሦስተኛ፣ ተማሪው የራሱ ስም ያለው ቦታ ያግኝ። የውጭ አገር ኪራይ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል በመሆኑ ለአንድ ተማሪ ከባድ ነው። ትምህርት ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የሙያ ማኅበራት ግን በስማቸው በተመዘገበ መለያ ሥር ለተማሪዎቻቸው ቦታ ከፍለው ሊሰጡ ይችላሉ፤ ሲሰጡም ተማሪው ሲመረቅ ሥራውን ሙሉ በሙሉ ይዞ የመውጣት መብቱን በጽሑፍ ያረጋግጡለት። በጭላሎ የዘገየው ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ ነበር።

የስንዴው ምርት በጨመረበት ዘመን የጎደለውን ያወቅነው ጭሰኛው ከተነሣ በኋላ ነው። የኮዱ ዘር ገና በመዘራት ላይ ስላለ፣ ማሳው የማን እንደሆነ ለመጠየቅ ጊዜው አላለፈም።