ሲሙሌሽን በንግግርና ቋንቋ ሕክምና ትምህርት፦ የማስተባበር ሥራው

ሲሙሌሽን በንግግርና ቋንቋ ሕክምና ትምህርት ውስጥ፣ ተማሪው ትዕይንት በሚባል፣ ሆን ተብሎ በተዘጋጀ የሕክምና ሁኔታ ውስጥ ገብቶ እንደ ባለሙያ የሚሠራበት የማስተማሪያ ዘዴ ነው። ታካሚው ሚናውን ያጠና ተዋናይ፣ የሥልጠና ማኔኩዊን ወይም በኮምፒውተር ላይ የተሰናዳ የታካሚ ታሪክ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ የሚያቅድ፣ ሰውና ክፍል የሚመድብ፣ ሰዓቱንም የሚመዘግብ ባለሙያ የሲሙሌሽን አስተባባሪ ይባላል። ስለ ዘዴው ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው መሣሪያው ነው፤ የሥልጠናውን ጥራት የሚወስነው ግን አስተባባሪው ከትዕይንቱ በፊትና በኋላ የሚሠራው ሥራ ነው።

ሙያው ከስሙ ይሰፋል። ብዙዎች ስፒች ቴራፒ የሚሉት ይህ ሕክምና የሕፃናትን የንግግር መዘግየት፣ መንተባተብን፣ የድምፅ ችግርን፣ ከስትሮክ በኋላ የሚመጣውን አፌዥያ የተባለ የቋንቋ ችግር፣ የላንቃ ስንጥቅ የሚያስከትለውን የአነጋገር ችግር፣ እንዲሁም ምግብና መጠጥ የመዋጥ ችግርን ይይዛል። የመጨረሻው ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል፤ ወደ አየር ቧንቧ የገባ ፈሳሽ ወይም ምግብ የሳንባ ምች ሊያስከትል ስለሚችል። ተማሪ የመጀመሪያ ስሕተቱን በእንዲህ ያለ ታካሚ ላይ እንዲሠራ የሚፈቅድ መምህር አይኖርም። ለሲሙሌሽን ከሚቀርቡት ምክንያቶች ሁሉ የሚያመዝነውም ይኸው ነው።

አመጣጡ

ዘዴው ወደዚህ ሙያ የደረሰው በሌሎች የሕክምና ትምህርቶች ከተለመደ በኋላ፣ ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ኖርዌያዊው የአሻንጉሊት አምራች አስሙንድ ሌርዳል ሰው ሠራሽ ትንፋሽ መስጠትን ለመለማመድ የምታገለግለውን ሪሰሲ አን የተባለች ማኔኩዊን ለገበያ አቀረበ። በ1963 ደግሞ የነርቭ ሐኪሙ ሃዋርድ ባሮውስ በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አንዲት ጤነኛ ሴት የታካሚን ምልክቶች አጥንታ እንድታሳይ አድርገው ተማሪዎቻቸውን በእርሷ ፈተኑ። ሐሳቡ በጊዜው የሕክምናን ክብር ዝቅ ያደርጋል ተብሎ ተነቅፎ ነበር፤ ዛሬ ግን የተዋናይ ታካሚ አሠራር ሁሉ መነሻ ሆኖ ይጠቀሳል። በ1975 ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቻቸው በስኮትላንዷ ደንዲ፣ ተማሪ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዘዋወረ የሚመዘንበትንና ኦስኪ የሚባለውን ፈተና አስተዋወቁ።

ለንግግርና ቋንቋ ሕክምና በሩን የከፈተው የነርሶች ትምህርት ነው ማለት ይቻላል። በ2014 የአሜሪካ የነርሶች ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት ይፋ ያደረገው ሰፊ ጥናት፣ በሚገባ የተዘጋጀ ሲሙሌሽን የተግባር ልምምድን እስከ ግማሽ ድረስ ቢተካ በተማሪዎቹ ብቃት ላይ ልዩነት እንደማያመጣ አሳየ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ2016 የአሜሪካ የንግግር፣ ቋንቋና መስማት ማኅበር የምስክር ወረቀት ሰጪ ምክር ቤት ለሙያው ተማሪዎችም ሲሙሌሽን እንዲቆጠር ፈቀደ። በአሜሪካ ተማሪው ለምስክር ወረቀት የሚያስፈልጉት 400 ሰዓታት ናቸው፤ 25ቱ የምልከታ፣ 375ቱ ከታካሚ ጋር በቀጥታ የሚሠራባቸው። ከነዚህ 375 ሰዓታት እስከ 20 በመቶ፣ ማለትም 75 ሰዓት ድረስ፣ በሲሙሌሽን ሊሸፈን ይችላል። የሚቆጠረው ተማሪው በትዕይንቱ ውስጥ በሥራ ላይ የነበረበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከትዕይንቱ በኋላ የሚደረገው ውይይት ግዴታ ቢሆንም ሰዓት አያስቆጥርም።

ይህ የመጨረሻ ደንብ ሊታሰብበት ይገባል። ትምህርቱ በብዛት የሚገኘው ከውይይቱ ሆኖ ሳለ ሰዓት የሚያስገኘው ትዕይንቱ መሆኑ፣ ጊዜ ያጠረበትን ፕሮግራም ውይይቱን እንዲያሳጥር ይፈትነዋል። ፈተናውን መቋቋም የአስተባባሪው ድርሻ ነው።

በአውስትራሊያ የተገኘው ማስረጃ ለሙያው ይበልጥ ይቀርባል። አን ሂልና ባልደረቦቻቸው በ2020ዎቹ መጀመሪያ ያሳተሙት፣ የ6 ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በዕጣ በሁለት የከፈለው ጥናት፣ የልምምዳቸውን 20 በመቶ ገደማ በሲሙሌሽን የተኩትን ሙሉ በሙሉ በተለመደው መንገድ ከተለማመዱት ጋር አነጻጽሯል። ኮምፓስ በተባለው የሙያ ብቃት መመዘኛ ሲለኩ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የጎላ ልዩነት አልታየም። ከዚያ በፊት ሲሙሌሽን ልምምድን ይተካል ወይ በሚለው ክርክር የሚቀርበው ማስረጃ በአብዛኛው ከነርሶችና ከሐኪሞች የተዋሰ ነበር።

ዝግጅቱ

አስተባባሪው ሥራውን የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። ተማሪው ከክፍሉ ሲወጣ ምን ማድረግ እንዲችል ይፈለጋል? መልሱ በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር ካልተጻፈ ተዋናይ መቅጠር ገንዘብ ማባከን ነው። «ስለ አፌዥያ እንዲያውቅ» የሚል ግብ ለሲሙሌሽን አይሆንም። «የመናገር አቅሙ ከተዳከመ ታካሚ የሕክምና ታሪኩን በአዎና አይደለም ጥያቄ፣ በሥዕልና በምልክት እየታገዘ እንዲወስድ» የሚለው ግን ይሆናል፤ ተማሪው ሲያደርገው በዓይን ይታያልና።

ቀጥሎ የታካሚውን ዓይነት መምረጥ ይመጣል። ቤተሰብን ማነጋገር፣ አሳዛኝ ውጤት ማርዳት፣ አዋቂ ታካሚን መመርመር ለተዋናይ የሚመቹ ናቸው። በአንገት በኩል ለመተንፈሻ የሚገባውን የትራኪኦስቶሚ ቱቦ እንደ መያዝ ያለ የእጅ ሥራ ለማኔኩዊን ይተዋል። ሲሙኬስን የመሳሰሉ የኮምፒውተር ታካሚዎች ደግሞ መመርመሪያ መምረጥንና ውጤት መተንተንን ለማለማመድ ይጠቅማሉ፤ በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሆስፒታሎችን ለተማሪ በዘጋ ጊዜ ብዙ ፕሮግራሞች የተደገፉት በእነዚህ ነበር። የመዋጥ ምርመራ የኤክስሬይ ቪዲዮን ማንበብ ሌላ ዓይነት ልምምድ ይጠይቃል። ቦኒ ማርቲን ሃሪስ ያበለጸጉት የመመዘኛ ሥርዓት የመዋጥን ሂደት በ17 ክፍሎች ከፋፍሎ በኢንተርኔት ያሠለጥናል።

ተዋናይ የማይችለውም አለ። የአራት ዓመት ሕፃን እንዴት ድምፆችን እንደሚያሳስት አዋቂ አስመስሎ ሊያሳይ አይችልም፤ ሕፃንን ለዚህ ሥራ ማሠለጥን ደግሞ የሥነ ምግባር ጥያቄ ያስነሣል። ስለዚህ ለሕፃናት ችግሮች ቤተሰብ የፈቀደው እውነተኛ ቪዲዮ ይሻላል። አፌዥያን መተወንም ከባድ ነው። ተዋናዩ ቃል ጠፍቶበት ከመንተፋተፍ አልፎ፣ አንዱን ድምፅ በሌላ እንዴት እንደሚተካ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚዘገይ፣ የተነገረውን ምን ያህሉን እንደሚረዳ አስቀድሞ ከባለሙያ ጋር ሊያጠና ይገባል። አለበለዚያ ተማሪው የሚማረው የሌለ በሽታ ነው።

አንድ ጣቢያ በቅርብ ሲታይ

የመዋጥ ምርመራ ጣቢያ የአስተባባሪው ሥራ ሁሉ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚታይበት ነው። አልጋው ላይ ፊቱ በቀኝ በኩል የላላ፣ ስትሮክ ከያዘው ሁለት ቀን የሆነውን ሰው የሚተውን ተዋናይ ተቀምጧል። ራስጌው ላይ የኦክስጅን መጠን የሚያሳይ ስክሪን አለ፤ ቁጥሩን የሚቀይረው ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ቴክኒሺያን ነው። ተማሪዋ በር ላይ የሐኪሙን ማዘዣ አንብባ ትገባለች፤ እጇን ትታጠባለች፤ ታካሚው ንቁ መሆኑን፣ አፉን፣ ምላሱን፣ ድምፁን ታያለች። ከዚያ በማንኪያ ውኃ ትሰጣለች። በሁለተኛው ማንኪያ ያስላል፤ ድምፁም ውኃ ያዘለ ይሆናል። በሦስተኛው የኦክስጅኑ ቁጥር ይወርዳል። ትቀጥላለች ወይስ ታቆማለች? የጣቢያው ጥያቄ ይህ ብቻ ነው።

ተዋናዩ በእርግጥ እንደሚውጥ መዘንጋት አይገባም። አስተባባሪው ተዋናዩን አለርጂ ይኖርበት እንደሆነ፣ ራሱም የመዋጥ ችግር ይኖርበት እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ በቀን ስንት ተማሪ እንደሚያስተናግድም ይወስናል። ፈሳሹ በየጠዋቱ ይለካል። ዓለም አቀፉ የምግብና የመጠጥ ደረጃ ከ0 እስከ 7 የተቆጠረ ሲሆን፣ የመጠጥን ውፍረት ለመለየት የሚያገለግለው 10 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መርፌ (ሲሪንጅ) ነው። መርፌው ተሞልቶ ለ10 ሰከንድ እንዲፈስ ይለቀቃል። የቀረው ከ1 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ቀጭን፣ ከ1 እስከ 4 ከሆነ ደረጃ 1፣ ከ4 እስከ 8 ከሆነ ደረጃ 2፣ ከ8 በላይ ሆኖ አሁንም የሚፈስ ከሆነ ደረጃ 3 ነው። ማወፈሪያ ዱቄት የተጨመረበት መጠጥ በቆየ ቁጥር ሊወፍር ስለሚችል፣ የጠዋቱና የከሰዓቱ ተማሪዎች ሳይታወቅ የተለያየ ፈተና ሊገጥማቸው ይችላል።

ውይይቱ

ትዕይንቱ ከመጀመሩ በፊት ቅድመ ገለጻ ይደረጋል፦ ክፍሉ፣ ዕቃዎቹ፣ የሚጠበቀው፣ ቪዲዮውን ማን እንደሚያየው፣ ውጤቱ ማርክ ይኑረው አይኑረው። ተማሪ እየተፈተነ ይሁን እየተማረ ካላወቀ ስሕተቱን ይደብቃል፤ የተደበቀ ስሕተት ደግሞ አይታረምም።

ከትዕይንቱ በኋላ የሚደረገው ውይይት ብዙ ጊዜ ከትዕይንቱ ይረዝማል። ኤፒክና ቼንግ በ2015 ያቀረቡትና ፐርልስ የሚባለው አካሄድ መጀመሪያ ስሜትን፣ ቀጥሎ የሆነውን፣ ከዚያ ትንተናውን፣ በመጨረሻም ለቀጣይ ሥራ የሚወሰደውን ያነሣል። ጥሩ አወያይ «ለምን አላቆምሽም?» ብሎ አይጀምርም። «በሁለተኛው ማንኪያ ካሳለ በኋላ ሦስተኛውን ማንኪያ ስትሰጪ አየሁ። እኔ የኦክስጅኑ ነገር አሳስቦኝ ነበር። አንቺ በዚያች ሰዓት ምን እያሰብሽ ነበር?» ይላል። ተማሪዋ «ሳሉ መከላከያ ነው ብዬ፣ አየር ቧንቧውን እያጸዳ ነው ብዬ» ብትመልስ ስሕተቱ የቸልተኝነት ሳይሆን የዕውቀት መሆኑ ይታወቃል፤ ማረሚያውም ሌላ ይሆናል። ውይይቱን የሚመራ መምህር ይህን አነጋገር ራሱ መለማመድ አለበት፤ በሙያው የበቃ መሆኑ ብቻ አወያይ አያደርገውም።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ሙያው ገና ወጣት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ሥልጠና ተጀምሯል፤ የባለሙያው ቁጥር ግን ከሕዝቡ ጋር ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነው። ተማሪን የሚከታተል ባለሙያ በጠበበበት አገር ሲሙሌሽን ከየትም በላይ ይጠቅማል። ከውጭ እንዳለ የሚመጣ ትዕይንት ግን አይበቃም። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የላንቃ ስንጥቅ ትዕይንት ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ እና ጰ የሚባሉትን ድምፆች አያውቃቸውም፤ እነዚህ በአፍ ውስጥ የአየር ግፊት የሚጠይቁ በመሆናቸው በአማርኛ ተናጋሪ ታካሚ ላይ በጥንቃቄ መታየት አለባቸው። በአልጋው ላይ ብቻውን የተኛ ታካሚም ለእኛ ሆስፒታል እንግዳ ነው። አስታማሚ አለ፤ ከቤት የመጣ ምግብ አለ፤ «ትንሽ ይቅመስ እንጂ» የምትል ልጅ ወይም እኅት አለች። ተማሪው እርሷን በአክብሮት አስረድቶ ማቆም ካልተለማመደ የተቀረው ምርመራ ዋጋ የለውም።

ለዚህ ውድ ማኔኩዊን መጠበቅ አያስፈልግም። አጥሚት ውፍረቱ በመርፌ ሊለካ ይችላል፤ ሚናውን አጥንቶ የሚተውን ሰው አይጠፋም፤ ቪዲዮውን የእጅ ስልክ ይቀርጻል። የጎደለው በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች በጥንቃቄ የተጻፈ፣ በባለሙያ የተመረመረ የትዕይንት ስብስብ ነው። በአገር ቤትም ሆነ በአሜሪካና በእስራኤል በዚህ ሙያ የሚሠሩ አማርኛ ተናጋሪዎች መጀመሪያ ሊተባበሩበት የሚገባው ሥራ እርሱ ነው።