ከቁፋሮ በኋላ የተወጠረ ጡንቻን በቤት ውስጥ ማላላት

በወላይታ ዞን የበልግ ዝናብ ከመግባቱ አስቀድሞ የሚካሄደው የማሳ ዝግጅት ብርቱ ጉልበት ይጠይቃል። የእርሻ ይዞታው ጠባብ በመሆኑ በርካታ አርሶ አደሮች መሬታቸውን በእጅ ይቆፍራሉ። እንሰት ፍቀው ቆጮና ቡላ የሚያዘጋጁ እናቶች ደግሞ ለረጅም ሰዓት ጎንበስ ብለው ይሠራሉ። በሶዶ ከተማም ጭነት የሚሸከሙ ወጣቶችና ቀኑን ተቀምጠው የሚውሉ የባጃጅ አሽከርካሪዎች የጀርባና የእግር መወጠር ይገጥማቸዋል።

ችግሩ የአካባቢው ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው። በጉልበቱ ለሚተዳደር ቤተሰብ በዘር ወቅት የሚባክኑ ጥቂት ቀናት የዓመቱን ቀለብ ሊነኩ ይችላሉ።

ፎም ሮለር ምንድን ነው?

ፎም ሮለር ከጠጣር ስፖንጅ የሚሠራ፣ እንደ ግንድ ክብና ረዘም ያለ መሣሪያ ነው። ተጠቃሚው የሰውነቱን ክብደት በላዩ ላይ አሳርፎ ጡንቻውን በዝግታ ያንከባልልበታል። በስፖርተኞች ዘንድ የተለመደ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ፍሮንቲየርስ ኢን ፊዚዮሎጂ በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ፣ 21 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና መሣሪያው ሰውነትን እንደሚያፍታታና ከከባድ እንቅስቃሴ በኋላ የሚሰማን የጡንቻ ሕመም በመጠኑ እንደሚቀንስ አመልክቷል። ይሁን እንጂ ጥቅሙ አነስተኛና ጊዜያዊ ነው፤ በሽታን አያድንም።

አጠቃቀሙ

ለባት፦ መሬት ላይ ተቀምጦ እግርን መዘርጋት፣ መሣሪያውን ከባት ሥር ማድረግ፣ በእጅ ተደግፎ መቀመጫን ከፍ በማድረግ ከቁርጭምጭሚት በላይ እስከ ጉልበት በታች ማንከባለል።

ለጭን፦ በደረት ተኝቶ በክንድ መደገፍ፣ የጭንን የፊት ክፍል በመሣሪያው ላይ ማሳረፍ።

ለላይኛው ጀርባ፦ በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ማጠፍ፣ ራስን በእጅ መደገፍ፣ ከትከሻ እስከ ጎድን አጥንት መጨረሻ ብቻ ማንከባለል።

ለእያንዳንዱ ጡንቻ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ይበቃል። ትንፋሽን መያዝ አያስፈልግም። መጠነኛ የመጫን ስሜት የተለመደ ነው፤ የሚወጋ ሕመም ከተሰማ ግን ማቆም ይገባል።

መሣሪያውን ለማግኘት ለማይችሉ አጥብቆ የተጠቀለለና በገመድ የታሰረ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ያገለግላል። ለውስጥ እግር የቴኒስ ኳስን በእግር እየረገጡ ማንከባለል ይቻላል።

ጥንቃቄ

መሣሪያውን በወገብ አከርካሪ፣ በአንገት፣ በመገጣጠሚያና አጥንት በወጣበት ቦታ ላይ መጠቀም አይመከርም። ስብራት፣ ቁስል፣ ያበጠ የደም ሥር ወይም የደም መርጋት ያለበት ሰው ሊጠቀምበት አይገባም። ነፍሰ ጡሮችና በስኳር ሕመም ሳቢያ እግራቸው የደነዘዘ ሰዎች አስቀድመው ባለሙያ ማማከር አለባቸው።

በወላይታ በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ ከመሥራት ጋር የተያያዘው ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የእግር እብጠት ይታወቃል። እብጠቱ የጡንቻ መወጠር ባለመሆኑ በማሸትም ሆነ በማንከባለል አይድንም፤ እግርን በየቀኑ ማጠብ፣ ጫማ ማድረግና የጤና ክትትል ያስፈልገዋል።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

የወገብ ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳን ጨምሮ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። እግር ከዛለ፣ በብልት አካባቢ መደንዘዝ ከታየ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካልተቻለ፣ ወይም ሕመሙ ከመውደቅ በኋላ የጀመረ ከሆነ ሳይዘገዩ መታከም ይገባል። በእነዚህ ሁኔታዎች ቅቤ ቀብቶ ማሸትም ሆነ ወጌሻ ዘንድ መሄድ ጉዳቱን ሊያባብስ፣ ሕክምናንም ሊያዘገይ ይችላል።

መከላከያው

ሕመም እንዳይመጣ የሚረዳው ዋነኛው መንገድ የሥራ ልማድን ማስተካከል ነው። ለቁመት የሚስማማ እጀታ ያለው መቆፈሪያ መጠቀም፣ እጅን እያቀያየሩ መቆፈር፣ በየመሐሉ ቀና ብሎ ማረፍ፣ ሸክምን ከፋፍሎ ማጓጓዝና ከመሬት ሲያነሱ ጉልበትን አጥፎ ወደ ሰውነት ማስጠጋት ወገብን ከጉዳት ይጠብቃል። እንሰት በሚፋቅበት ጊዜም ጀርባን የሚያስደግፍ ነገር ማዘጋጀትና ሥራውን መፈራረቅ ድካሙን ያቃልላል።